ለፈተና የሸመደድኩት ልሳን

ጮክ ብዬ ካላነበብኩ ነገር አይገባኝም። ይህቺ አመሌ ናት አክስቴን ልትገድልብኝ የነበረችው። አመሌ ብቻ ብትሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ቃል መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩበትን ያን ሐሙስ ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ምራቄ ይመርረኛል። እንግዲህ አዝናችሁልኝ እንዳታነቡ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚያስጠሉት ሁለት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ።

ያኔ አዲስ አበባ፣ በአንድ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የሥነ መለኮት ተማሪ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ነው። ከሚያስለቅሱን ትምህርቶች ሁለቱ ቋንቋ ነበሩ፤ አንዱ ወንጌል የተጻፈበት የጥንቱ ግሪክ፣ ሌላው ጀርመንኛ። ግሪኩ ይሁን ይገባል። ጀርመንኛው ለምን ብለን ስናጉረመርም መምህራችን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አቧራ የጠጡትን ወፋፍራም መጻሕፍት እያሳዩ ታዲያ ይሄን ማን ያንብበው ይሉን ነበር። ጀርመንኛውን እንደ ምንም አለፍኩ። በግሪኩ ወደቅሁ። ድጋሚ ፈተናው መስከረም ላይ ነው ተባለ፤ ክረምቱን ግስ ልሸመድድ ደብተሬን ይዤ ወሎ፣ መርሳ ገባሁ።

መርሳ ያለችው ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። ስሟ የሺ ነው፣ እኔ እታየ ነው የምላት። ወላጆቼ ግራና አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ ትምህርት እንዲቀርበኝ ብለው በሰባት ዓመቴ እሷ ጋ አስገቡኝ። እታየ ገበያ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ እኔና አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ነን ያለናት። ጸሎቱን የለመድኩትም ከሷ ነው።

እታየ ስኳር አለባት። ጠዋትና ማታ ራሷ መርፌዋን ትወጋለች። መርሳ ደግሞ ታውቁት እንደሆነ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ማቀዝቀዣ የለንም፣ መብራቱም የሚታመን አይደለም። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ጓሯችን ካለው ማንጎ ሥር ነው። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይገባና መሃሉ በእርጥብ አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው እስካልደረቀ ድረስ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራም ያው በሽታ ስላለባቸው የሳቸውም ብልቃጥ እዚያው ነው የሚያድረው። አሸዋውን ጠዋት እታየ፣ ከሰዓት እትዬ ዘሐራ ውሃ ያጠጡታል። በየወሩም መድኃኒት ለማምጣት ወልዲያ ሆስፒታል አብረው ይሄዳሉ፤ መኪና ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሄደው ሲጨቃጨቁ ይመለሳሉ። አንዲቷ ማሰሮ ግን አጣልታቸው አታውቅም።

አሁን ስለ ጩኸቴ። አባቴ አያሌው ልጅ ሆኖ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቷል። ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያስተማረኝም እሱ በተማረበት መንገድ፣ ውርድ ንባብ በሚሉት፣ ቃሉን በዜማ እየጎተቱ በሚያነቡበት ስልት ነው። ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ነገር ወደ ጭንቅላቴ አይገባም። ጂኦግራፊ በዚያ ዜማ ተምሬያለሁ። እንግዲህ አስቡት፣ የግሪክ ግስ በወሎ የቄስ ትምህርት ቤት ዜማ።

ያን ሐሙስ ጠዋት አጠገባችን ያለው ወፍጮ ቤት ገና በማለዳ ሥራ ጀመረ። ልጩኽበት ብል አልቻልኩም። የጸሎት ቤቱን አዳራሽ የምትጠርገው እታየ ስለሆነች ቁልፉ እኛ ቤት ነው፤ ይዤው ሄድኩ። አዳራሹ ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ባዶውን ሲሆን ድምፅ ያምርበታል። ደብተሬን አግዳሚ ወንበር ላይ ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዝኩ ጀመርኩ። ሉኦ፣ ሉኤይስ፣ ሉኤይ። ሉኦሜን፣ ሉኤቴ፣ ሉዉሲን። ግሪክ የሚጀምር ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሸመድደው ግስ ነው። እፈታለሁ፣ ትፈታለህ፣ ይፈታል፤ ገመድ መፍታት፣ ሌላ ምንም አይደለም። ስንት ጊዜ እንደመላለስኩት አላውቅም።

ዓይኔን ስገልጥ ሦስት ሴቶች መሬት ላይ ተንበርክከዋል። ለጾም ጸሎት የመጡ ናቸው። አንዷ ታለቅሳለች። ከኋላቸው በሩ ላይ አንድ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። አገልጋይ ደረጀ ልበለው፣ ስሙ ይሄ አይደለም። ለሦስት ቀን ኮንፈረንስ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ነበር፤ ከኛ በኋላ ወደ ወልዲያ ያልፋል። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስተርከው አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ።

"ልሳን ወረደላት" አለች የምታለቅሰዋ። ያልተማሩትን ቋንቋ መንፈስ ሲያናግር ማለት ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት፣ ያውም ተምሬ የወደቅሁበት ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ደርሶ ነበር። ጥናት ነው ልል አፌን ስከፍት ሰውዬው ወደ አግዳሚው ሄደ። ደብተሬ እንደተዘረጋ ነው፤ የግሱ ሰንጠረዥ፣ ጎኑ ላይ በአማርኛ ፍቺው፣ ግርጌው ላይ ደግሞ "ድጋሚ ፈተና" የሚል በቀይ ተጽፎ። አጎንብሶ አነበበው። ቀስ ብሎ አየኝ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋና በእጄ አስያዘኝ።

"የተሰጠሽን ጠብቂ" አለኝ።

ሴቶቹ ተነሥተው ትከሻዬን ይስሙ ጀመር። ከሦስት ቀን በፊት እነዚሁ ሴቶች "ወድቃ መጣች አሉ" እያሉ በየደጃፉ ሲያሙኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ዝም አልኩ። ቁልፉን አንሥቼ፣ አንገቴን እንደ ቅዱስ ሰው ደፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን አንገቴን ሳስበው በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የዚያን ዕለት ምሳ እኛ ቤት ነበር የሚበላው። እታየ ለእንግዳው ዶሮ ሠርታለች። ሲበላ አይቼዋለሁ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እስከ ሁለተኛው አንጓ አፉ ውስጥ እየከተተ ይልሳል፣ ከዚያ በዚያው እጅ የእታየን ራስ ይዞ ይጸልያል። ሻሿ ላይ የወጥ አሻራ ቀርቶ ነበር። እሷ አላስተዋለችውም፤ በሽታዋን እየነገረችው ነው። እሱም ይጠይቃል። መቼ ጀመረሽ፣ በቀን ስንቴ ነው፣ መርፌው የት ይቀመጣል። ማንጎው ሥር ወስዳ ማሰሮዋን አሳየችው። ሲጠያይቃት አሳቢ ሰው መስሎኝ ነበር፤ ሰው እንዲህ አድርጎ ሲመረምር ለመልካም ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ግማሹ ጉባኤ ከእታየ ጋር ገበያ የሚውል ነው። ኪቦርዱ እየተመታ፣ ማይኩ እየጮኸ፣ አገልጋይ ደረጀ በስሜ ጠርቶ መድረክ ላይ አወጣኝ። ሐሙስ ጠዋት ስለሆነው ተረከላቸው፤ ስለ ደብተሩ ምንም አላነሣም። ማይኩን አፌ ላይ ደቅኖ የተሰጠሽን ልቀቂ አለኝ። አሁንም አፍ ነበረኝ። ልናገር እችል ነበር። ሁለት መቶ ዓይን ሲያየኝ ግን በዚያው በለመድኩት ዜማ ሉኦ፣ ሉኤይስ፣ ሉኤይ አልኩ።

ጩኸቱ ቆርቆሮውን አናወጠው፤ ዜማዬንም ዋጠው። ግሱን ሁለቴ መለስኩና ጠፋኝ፤ ያው የፈተናው ጊዜ እንደጠፋኝ። ማይኩ ግን አፌ ላይ ነው። ከድንጋጤዬ የተነሣ የሸመደድኩትን የጀርመንኛ መማሪያ ሁለተኛ ምዕራፍ ለቀቅኩት። ምዕራፉ ውስጥ ያለችው ገበያ የሄደች ሴት ናት፤ አንድ ኪሎ ቲማቲም ስንት ነው ትላለች፣ በጣም ውድ ነው ትላለች፣ ግማሽ ኪሎ ስጠኝ ትላለች። ቫስ ኮስተት አይን ኪሎ ቶማተን። እግዜር ያሳያችሁ፣ አዳራሽ ሙሉ የቲማቲም ነጋዴ ፊት ቆሜ "ኪሎ" እያልኩ አንድ ሰው አልነቃም።

አገልጋይ ደረጀ ዓይኑን ጨፍኖ ይተረጉም ገባ። እዚህ መካከል አንዲት እናት አለች አለ። ደሟ ውስጥ በሽታ አለ፤ ጠዋትና ማታ ሰውነቷን በብረት ትወጋለች፤ ከዛፍ ሥር የደበቀችው ነገር አለ፤ ዘመኑ አልቋል ይላል መንፈስ። እታየ ከሦስተኛው መደዳ ተነሥታ እየጮኸች መጣች። እግሬ ሥር ወደቀች። ያሳደገችኝ ሴት እግሬ ሥር ናት፤ እኔ የቲማቲም ዋጋ እየጠየቅሁ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ መርፌዋን እንዳልወጋች አላወቅሁም። አፍሬ በጊዜ ተኝቼ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘሐራ በሩን ከፍተው ገቡ። በእጃቸው የራሳቸውን ብልቃጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። እታየ ሌሊቱ ሳይነጋ ብልቃጧን ሽንት ቤት ጨምራ፣ የሳቸውን "ውሰጂ ዘሐራዬ፣ የኔ ዘመኑ አልፏል" ብላ ሰጥታቸዋለች። ሄጄ ማሰሮዋን አየሁ። አሸዋው ደርቋል።

"ምን አድርጋችኋት ነው፣ አንቺ መሠረት?" አሉኝ። "ወላሂ ይህቺ ሴት ሁለት ቀን አትቆይም። እኔ አንድ ቀን ብስት የሆንኩትን አይተሻል።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳይቆጡኝ ሰሙና ሱብሃነላህ ብለው መሬት መሬት አዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሂጂና የነገርሽኝን ለሷ ንገሪያት አሉኝ።

ነገርኳት። ደብተሩን ዘርግቼ፣ በጣቴ እያሳየሁ፣ ይኸው ግሱ፣ ይኸው ፍቺው አልኳት። እታየ ግን ፊደሉን እንኳ አላየችውም። ውሃ ትጠጣለች፤ ጆጉን ጨርሳ ደግማ ትቀዳለች። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ነበር ከሁሉ የከፋው።

"ትናንት እግዜር በአፍሽ ተናገረ" አለችኝ ረጋ ብላ። "ዛሬ ያ ሌላው በአፍሽ እየተናገረ ነው። እኔ የትናንቱን ነው የማምነው።"

ከቤት ወጥቼ ሰውዬው ወዳረፈበት አልጋ ቤት ሮጥኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው። እርሱ ቢነግራት ታምናለች ብዬ ነው የሄድኩት። እታየ መድኃኒቷን እንደጣለች፣ ካልወጋች እንደምትሞት ነገርኩት። ደብተሬን አይተዋል፣ ጥናት እንደሆነ ያውቁ ነበር አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። ስንጥሩ ጫፍ ላይ ያወጣውን አይቶ መልሶ አፉ ውስጥ አስገባው። "አንቺ ተናገርሽ፣ እኔ ተረጎምኩ። የጣለችው እሷ ናት። እኔ ጣይ አላልኩም።"

ልትሞት ነው አልኩት እንደገና። እምነቷ ከጸና አትሞትም፣ ካልጸና ደግሞ የራሷ ጉዳይ ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥራ እንደሚያስተምር ሰው ቀረብ አለኝ።

"ወልዲያ ላይ ሦስት ቀን አለን። አብረሽኝ ነይ። ያቺን ሁለተኛዋን አብዢያት፤ እሷ ታምራለች።"

ሁለተኛዋ ጀርመንኛዋ ናት። ደረጃውን ሳልጨርስ ግድግዳውን ተደግፌ አስመለሰኝ። እሱ ከላይ ሆኖ ውሃ አምጡላት ሲል እሰማዋለሁ። ያን ውሃ አልጠጣሁትም።

የጸሎት ቤቱን ሽማግሌዎች አስቸገርኩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንደ እታየ አምነው ነው። ኮንፈረንሱ ይለቅና እንነጋገራለን አሉኝ። ከሰዓት በኋላ እታየ ያስታውካት ጀመር። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት ፊቷን ታዞራለች። እኔና እትዬ ዘሐራ እጇን ይዘን በግድ ልንወጋት ሞከርን፤ አቅም ባይኖራትም እንደዚያ ስትታገል አይቻት አላውቅም። እትዬ ዘሐራ መርፌውን መልሰው ከደኑና ከኔ ዓይን ሸሽተው አለቀሱ።

እሑድ ጠዋት ትንፋሿ ተለወጠ። ረጅም፣ ከባድ፣ ሩጫ የጨረሰ ሰው ትንፋሽ። አፏ የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል። ማንጎ በምንወድበት አገር ይሄን ሽታ የማያውቅ የለም፤ ክረምት ላይ ከዛፉ ወድቆ ዝንብ የሚወረው ማንጎ። ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ያን ቀን ነው የሸተተኝ። ከዚያ ወዲህ ማንጎ አልበላሁም።

ልለምናት ቃል አለቀብኝ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሳላስበው አባቴ ያስነበበኝን የግዕዝ ምንባብ በቃሌ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግዕዙን፣ በዚያው በውርድ ንባብ። ሳላቋርጥ፣ በዚያው ዜማ፣ እዚያው ላይ ግሪኩን ቀጠልኩ። ሉኦ፣ ሉኤይስ፣ ሉኤይ። ከዚያ ተመልሼ ግዕዙን። ኪቦርድ የለም፣ ማይክ የለም፣ የሚጮህ የለም። ሦስተኛው ዙር ላይ ስደርስ እታየ ዓይኗን ገለጠች።

"የአያሌው ዜማ ነው" አለች።

ቀጠልኩ። እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ ነው።

"ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲህ ነበር የሚያነብ። እኔ ሽንኩርት እየላጥሁ እሰማው ነበር።" ረጅም ትንፋሽ ሳበች። "እግዜር የአያሌውን ዜማ ከየት ያመጣዋል? ያስተማረሽ እሱ ነው።"

"እሱ ነው እታየ" አልኳት።

ጣራ ጣራውን ታይ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት የነበረው ደስታ ከፊቷ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። የቀሚሷን እጅጌ ራሷ ወደ ላይ ሰበሰበችና "ዘሐራን ጥሪያት" አለች።

እትዬ ዘሐራ ቢስሚላህ ብለው ከራሳቸው ብልቃጥ ቀድተው ወጓት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ በአምቡላንስ ወልዲያ ደረስን። የተቀበለችን ነርስ ያቺ መርፌ ባትኖር እዚህ አትደርሱም ነበር አለችን። እትዬ ዘሐራ ለራሳቸው የሁለት ቀን ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ ይሄን ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

ማክሰኞ ዕለት እታየ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ እንድትረግመኝ እጠብቃለሁ።

"ያ ቋንቋ ምን ማለት ነው?" አለችኝ።

እፈታለሁ፣ ትፈታለህ፣ ይፈታል ነው አልኳት። ሌላኛውስ፣ መጨረሻ ላይ ያልሽው አለችኝ። ላለመናገር ብዙ ታገልኩ። በመጨረሻ፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም ስንት ነው ማለት ነው አልኳት።

ትሥቃለች ብዬ ነበር። ሰላሳ ዓመት ቲማቲም የሸጠች ሴት ናት።

"ታዲያ እኔን ብትጠይቂኝ አልነግርሽም ነበር ልጄ?" አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

እታየ ዛሬም አለች፤ ትሸጣለች፣ ትወጋለች፣ ከእትዬ ዘሐራ ጋር ወልዲያ እየተጨቃጨቀች ትሄዳለች። ብቻዋን ትጸልያለች፤ አዳራሹን የሚጠርገው ሌላ ሰው ነው። እኔን ይቅር ብላኛለች፤ አፏ ብሎታል፣ እጇም አብስሎ አብልቶኛል። ግን ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ ተነሥታ ጓሮ ትወጣለች። አይቼው ተውኩ። ድጋሚ ፈተናውን ያለፍኩት ድምፅ ሳላወጣ አጥንቼ ነው፤ ሦስት እጥፍ ጊዜ ወሰደብኝ። ዛሬም ግሪክ አነባለሁ፣ ጀርመንኛም አነባለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ፊት የማያውቀውን ቋንቋ ከአፌ ካወጣሁ ሳልጠየቅ ፍቺውን እናገራለሁ። አንዳንዱ ትምህርት ማሳየት ይመስለዋል። ይምሰለው።

ሰውዬው በየከተማው መድረክ ላይ ነው። የሚያስጠላኝ እሱ ብቻ ቢሆን ደግሞ በቀለለኝ። ያን ዓርብ አንዱ በስልኩ ቀርጾኝ ነበር፤ ቪዲዮው እስከ ዛሬ ከስልክ ስልክ ይዞራል። ባለፈው ሳምንት ከደሴ በአውቶቡስ ስመለስ፣ ውርጌሳ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠች እናት ስልኳ ላይ ከፍታ እያየችው እጇን ዘርግታ ታለቅስ ነበር። ድምፄን አውቄው አንገቴን ቀበርኩ፤ ከዚያ ያ የሐሙሱ አንገቴ ትዝ አለኝና ቀና ብዬ ነገርኳት። አላመነችኝም።

እናንተ ግን አንባቢዎቼ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ማይክ ይዛ እየተንቀጠቀጠች ካያችሁ እኔ ነኝ። ጆሯችሁን አቅርባችሁ ስሙ፤ "ኪሎ" ስል ትሰሙኛላችሁ። ቲማቲም እየጠየቅሁ ነው። እባካችሁ አሜን አትበሉ።